የማይቀደም አማት

በሆሳዕና ከተማ የታዴዎስን ብስክሌት የማያውቅ ካለ እንግዳ ነው። ታዴዎስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእሷ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ከብት ሲከትብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ረዳትነቱ ቀረና ሰፈሩ «ዶክተር» ይለው ጀመር፤ እሱም አላረመም። ብስክሌቷ ማርሽ የሚባል ነገር የላትም፤ ክብደቷም ከአንድ ደህና ጥጃ አያንስም። ታዴዎስ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ደን የለበሰ ተራራ አንድ ጊዜ እንኳን እግሩን መሬት ሳያስነካ በእሷ ይወጣው እንደነበር ይናገራል። ከአሥር ዓመት በፊት ሲናገር ሁለት ቦታ ላይ ይወርድ ነበር። ሚስቱ ገነቴ ይህን ታስታውሳለች፤ ዝም የምትለው ለትዳሯ ስትል ነው።

ይህ ሰው ዘንድሮ ጭንቅ ገብቶታል። የመጨረሻ ልጁ ቤቴል ልታገባ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሰባት ዓመት አለፈው፤ እሁድ እሁድ ድምፁ ብቻ በስልክ ይመጣል። ሁለተኛዋ ሾኔ ከተማ አግብታ፣ ሦስት ልጅ ወልዳ፣ ለፋሲካ እንኳን ከመጣች ተመስገን ነው። ቤት የቀረችው ቤቴል ናት። ከምትሠራበት ክሊኒክ ስትመለስ ገና ከአጥር ውጪ «አባባ!» ብላ የምትጣራው፣ የደም ግፊቱን የምትለካው፣ ጨው አበዛህ ብላ የምትቆጣው እሷ ናት። እሷ ከወጣች ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደሚውጠው ታዴዎስ ያውቀዋል። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰም። «ልጄ ትናፍቀኛለች» ከማለት «ልጁ አልጣመኝም» ማለት ይቀላላ!

ችግሩ ልጁ ይጥማል። ዕንባቆም ይባላል፤ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ሥራው ዱራሜ ከተማ ነው። ጎሳው ተቆጥሮ ዝምድና አልተገኘም፤ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም፤ ከማንም ጋር አልተጣላም። አመል ቢባል የኮረኮንች ብስክሌት መውደዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄልሜት አጥልቆ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ብስክሌት ላይ ተጎንብሶ ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። ብስክሌት ወደደ ተብሎ ደግሞ ሰው አይከለከልም፤ ያውም በታዴዎስ አፍ። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ መጥተው ሁለቴ «እስኪ እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ያን ቀን እሺ ወይም እምቢ ማለት ግድ ነው፤ እምቢ ለማለት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል።

«ዱራሜ እኮ ሰማይ ቤት አይደለም» አለችው ገነቴ፣ ሐሙስ ዕለት ምሳ ላይ። «ሚኒባስ ይዞ ቁርስ እዚያ በልቶ ምሳ እዚህ የሚደርስበት አገር ነው።»

«እኔ ስለ ዱራሜ ምን ተናገርኩ? ልጁን ልፈትነው ነው ያልኩት።»

«በምን?»

ለታዴዎስ ዘዴው ተገኝቶለታል። ዓምና ደኑ ውስጥ ብስክሌቱን ሲነዳ እንደ ዕንባቆም ያሉ ጎረምሶች ከኋላው መጥተው፣ ደወል አንቃጭለው፣ ጭቃ ረጭተውበት እንደ ነፋስ አልፈዋል። ቂሙ ገና አልወጣለትም። የብስክሌት ጎረምሳ ከፊቱ ዘገምተኛ ሲያይ ትዕግሥት የለውም፤ ያልፋል። አማቱን በመንገድ ጥሎ ያለፈ ሰው ደግሞ በዚህ አገር ምን እንደሚባል ይታወቃል። ድሮ ፈረሰኛው እንኳን አማቱን ከሩቅ ሲያይ ወርዶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ ዳር ላይ ይቆም ነበር። እናም ታዴዎስ ልጁን ጠርቶ «ቅዳሜ ጠዋት ያንን ተራራ እኔ ራሴ ላሳይህ» አለው። ዕንባቆም በደስታ የሚይዘውን አጣ፤ ምስኪን።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ከበሩ ደረሰ። ታዴዎስን ሲያይ ከብስክሌቱ ወረደ፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ታዴዎስ ቅር አለው። እዚያው ሰላምታው ላይ ትንሽ ጉድለት ቢገኝ ያ ሁሉ ዳገት ይቀርለት ነበር።

ገነቴ ቆሎና ውኃ ሰጥታ «አራት ሰዓት ላይ እዚህ ናችሁ፤ አይደል የቤቴል አባት?» አለች።

«ዝግባው ጋ ደርሰን እንዞራለን» አለ ታዴዎስ። «ልጁ ከቻለ።»

«አባባ፣ ኪኒንህን ውጠሃል?» የምትል ድምፅ ከጓዳ መጣች። ታዴዎስ ብስክሌቷን እየገፋ ወጣ፤ ያቺ ድምፅ ዛሬ ምን እንዳደረገችው እሱ ያውቃል።

ባጃጆቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ እንሰት የከበበው የመጨረሻው ቤት ታለፈ፤ ኮረኮንቹም ዳገት ጀመረ። ደኑ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ ጠቦ አንድ ሰው ብቻ የሚያስኬድ ሆነ። ግራና ቀኙ ጽድ ነው፤ መሬቱ ሌሊት በዘነበ ዝናብ ረጥቧል። ታዴዎስ ከፊት፣ ዕንባቆም ከኋላ። ወጥመዱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ታዴዎስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ በልቡ፤ እግሩንም አዘገመ።

ከኋላው የልጁ ብስክሌት ትክ ትክ ትክ ትላለች። ደወል ግን የለም። ጨርሶ አዘገመ፤ መሪው መንገዳገድ ጀመረ፤ አንዲት ጥንዚዛ በግራ በኩል ቀድማው ሄደች። አሁንም ደወል የለም። በብብቱ ሥር አጮልቆ ቢያይ፣ ልጁ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ ብስክሌቱን ባለችበት አቁሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ነገር ታዴዎስ ከሰርከስ ሌላ ያየው የለም።

ትንሽ ሄደው መንገዱ ሲሰፋ ወደ ዳር ተጠጋና ለዛፎቹ የሚያወራ መስሎ «እዚህ ጋ እንኳን ሰፊ ነው!» አለ።

«አዎ ጋሼ፤ በጣም ደስ ይላል» አለ ዕንባቆም። ከኋላው ግን ወይ ፍንክች።

ታዴዎስ ተናደደ። በቀስታ ያልተያዘ በፍጥነት ይያዛል ብሎ ፔዳሉን ይረግጠው ጀመር። ዳገቱን እያለከለከ ወጣ፣ የዛፍ ሥሩን ዘለለ፣ ጅረቱን አቋረጠ። ጉልበቱ ከሰንሰለቱ በላይ ይጮሃል። ልጁ ያቺኑ ርቀት ጠብቆ ከኋላው አለ፤ ትክ ትክ ትክ። ትንፋሹ እንኳን አይሰማም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አበሳጨው። ሰው እንዴት ዳገት ላይ በአፍንጫው ይተነፍሳል?

በዚህ ዓይነት ዝግባው ጋ ደረሱ። አራት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ትልቅ ዛፍ ነው፤ ማረፍም መዞርም ያለባቸው እዚያ ነበር። ታዴዎስ ግን አሰበ። ቀድሜ ከቆምኩ «አባትሽ ደከሙ» ብሎ ለቤቴል ይነግራታል። እሱ ራሱ «ጋሼ፣ እዚህ አልነበረም እንዴ?» ይበል፤ ያኔ እንደ መቆጣት ብዬ እቆማለሁ። ጆሮውን አቁሞ ዝግባውን አለፈ። ልጁ ዝም። ሃያ ሜትር። ልጁ ዝም። ሌላ ዳገት መጣ፤ ታዴዎስም ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ወጣው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እግዜር ተረፈን ላከለት። ተረፈ በቅሎውን እየጎተተ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ነው፤ ታዴዎስ ከዘመናት በፊት ላሞቹን ከትቦለት ነበር። በመንገድ ሰላምታ ወርዶ መስጠት ግዴታ ነው፤ ታዴዎስም በሕይወቱ ግዴታን እንዲህ ወዶት አያውቅም። ከኮርቻው እንደ ጆንያ ወረደ። ስለ ተረፈ ጤና ጠየቀ፤ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ ጠየቀ። ላሞቹን ደግሞ አንድ በአንድ አነሳ፤ የሞተችውንም አልተዋትም። ተረፈ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ገረመው፣ በመጨረሻ ገበያው እንዳያልፍበት እግሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«ይኼ ልጅ ያንተ ነው ወይ?» አለ፣ ወሬ ለመዝጋት ያህል። ዕንባቆም ራቅ ብሎ፣ ሄልሜቱን ይዞ ቆሟል።

«ገና ነው» አለ ታዴዎስ።

ተረፈ ሲሄድ የቀረው ቁልቁለት ነበር፤ የታዴዎስ ብስክሌት ፍሬን ደግሞ ሲያሻው የሚይዝ፣ ሳያሻው የሚያልፍ ነው። ወረዱ፣ ወረዱ። ዛፉ ሳሳ፤ ብርሃን ገባ። ታዴዎስ ቀና ሲል ከሥሩ ሜዳው ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያብረቀርቅ አየ።

ሞርሲቶ! አምላኬ፣ ሞርሲቶ ከተማ ደርሰናል! ሰዓቱን አየ፤ አምስት ሰዓት አልፏል። ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የሚቀበላቸው አባወራ ግን ሌላ ወረዳ ነው። ያን ጊዜ እንኳን «እንዙር» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው አልወጣችም። ጠዋት ሙሉ የተሸከማትን ክብር ከተማ ዳር መጣል አቃተው፤ ሽማግሌ እልህ ሲይዘው ከኮርማ ይብሳል።

ድንገት ከኋላው አቃጨለ። ደወል! ነፋስ ጆሮውን ነክቶት አለፈና፣ ዕንባቆም ቀድሞት ሄዶ፣ ከፊቱ ብስክሌቱን በመንገዱ ላይ አጋድሞ ቆመ። ወርዶ ሄልሜቱን አወለቀ። ፊቱ ደም የለውም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። «መዞር አለብን።»

የታዴዎስ ልብ ዘለለ። ተገኘ! ልጁ ቀደመው፤ መንገድም ዘጋበት። እግሮቹ ግን በዚህ ደስታ ውስጥ የሉበትም፤ መቆሙን ብቻ አመስግነው ይንቀጠቀጣሉ።

«ቀደምከኝ» አለ፣ ድምፁን አጠንክሮ።

«አዎ ጋሼ።»

«አማት ይቀደማል?»

«አይቀደምም።»

«ታዲያ?»

«ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እርስዎን ቤት ካጡ የሚነሳው የእርስዎ ስም ነው፤ ቤቴልም ታፍራለች። እምቢ ቢሉኝም ቤትዎ ተቀምጠው ይበሉኝ። በሌሉበት እምቢ መባል ግን አልፈልግም።»

ታዴዎስ ይህን ነውር ብሎ ለሰው እንዴት እንደሚያወራው ማሰብ ጀመረ፤ አልመጣለትም።

«ለምን ዝግባው ጋ አልተናገርክም?»

«መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ብዬ። ሽማግሌ አይታረምም።»

«እኔ ደግሞ አንተ ትናገራለህ ብዬ ነው እኮ እዚህ የደረስኩት!» አለ ታዴዎስ። ሁለቱም ሞርሲቶን ቁልቁል አዩ። መጀመሪያ የሳቀው ታዴዎስ ነው፤ ልጁ ፈቃድ ያገኘ ሲመስለው ተከተለው።

ሞርሲቶ ወርዶ ሚኒባስ መያዝ ታስቦ ተጣለ። ቅዳሜ ነው፤ መኪናው እስኪሞላ አሥር ሰዓት ይሆናል። በዚያ ላይ ከተማው በሙሉ ታዴዎስን ስለሚያውቅ አንድ በአንድ ሰላም ሊባል ነው። በመጡበት ተመለሱ። የመጀመሪያውን ዳገት ግማሽ እንደወጡ የታዴዎስ ጉልበት በቃኝ አለ። እግሩ መሬት ነካ፤ እሱ ራሱ አየው፤ መካድ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ» አለ ዕንባቆም። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ሌላውን እጁን ዘረጋ። «ከጀርባዎ ልግፋዎት። እርስዎ ፔዳሉን ብቻ ያዙሩ።»

«ሰው ቢያየንስ?»

«ደን ነው ጋሼ። ጉሬዛ ብቻ ነው ያለው።»

ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አዩ፤ ነጭና ጥቁር ለብሰው እንደ ሰርግ እድምተኛ። የልጁ መዳፍ በትከሻዎቹ መሃል አረፈና ገፋው። ያቺ እንደ ጥጃ የምትከብድ ብስክሌት ቀለለች። ታዴዎስ በሕይወቱ ሌላውን ሲደግፍ የኖረ ሰው ነው፤ እጅ ከጀርባው ሆኖ ሲይዘው ግን ምን እንደሚባል አያውቅም። ዓይኑን ውኃ ሞላው። ፊቱ ወደ ፊት ስለሆነ ልጁ አያይም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንደበቱ የተፈታው።

«ስማኝ» አለ። «ልጄን መስጠት አልፈልግም። አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም። ጥፋት ልፈልግብህ ነው ያመጣሁህ። እሷ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ የሚጠራኝ ሰው አይኖርም። ይኸው ነው።»

የዕንባቆም እጅ ከጀርባው አልተነሳም፤ ዳገቱ እስኪያልቅ እንዳለ ነበር።

«ጋሼ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አይጎድልብዎትም ብዬ መዋሸት አልችልም። ይጎድላል።»

በዕንባቆም ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እናንተ ጋ እንመጣለን፣ ምንም አይቀየርም» እንደሚለው ታዴዎስ ያውቃል፤ ሾኔ የዳራት የልጁ ባልም እንደዚያ ብሎ ነበር። ይኸኛው እውነቱን ነገረው። ተናደደበት፤ ወደደውም።

ቁልቁለቱን እየበረሩ፣ ዳገቱን እየተገፋ፣ ሲመጡ እንደ ኤሊ ያዘገሙበትን ደን በሁለት ሰዓት ከምናምን ጨረሱት። እንሰት የከበበው የመጀመሪያው ቤት ሊታይ ሲል ታዴዎስ «ልቀቀኝ» ሊለው አፉን ከፈተ፤ ሳይለው ግን የልጁ እጅ ከጀርባው ተነሳ። ዕንባቆም ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ ቀረ፤ ርቀቱን ጠበቀ። ሰፈሩ ያየው ታዴዎስ ከፊት ሲመጣ፣ ጎረምሳው ደግሞ ከኋላ አቧራውን ሲቅም ነው። «ዶክተር፣ ዛሬም አልተቻሉም!» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ። ታዴዎስ እጁን አነሳለት።

ልጁ ከመታጠፊያው ላይ ተሰናብቶ ተመለሰ፤ ጠያቂ ሽማግሌ ባለበት አይገኝም። ገነቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የምትለውን ሁሉ ለነገ አቆይታ ባሏን ወደ መታጠቢያ ገፋችው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ታዴዎስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ዝቅ ያለችው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። መቀመጡ ስህተት መሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው።

አራት ሽማግሌዎች ገቡ። የሚመራቸው ኤሊያስ ነው፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሰላም የማይል የቀድሞ ርዕሰ መምህር። ጸሎት ተደረገ፤ በቡላና በቅቤ የተሠራው አተካና ቀረበ፤ ተበላ፤ ተመሰገነ። ከዚያ ኤሊያስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዴዎስ፣ ልጁን ልፈትነው ማለትህን ሰምተናል። ምን አገኘህበት?»

ቤቴል ያለችበት ጓዳ ውስጥ የሲኒ ድምፅ ቆመ።

«ቀደመኝ» አለ ታዴዎስ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ራሱን ያዘ። ኤሊያስ «ልጅ ነው... ያጠፋል... ተንበርክኮ ይቅርታ እንዲጠይቅ እናደርጋለን...» እያለ ቃል ይፈልግ ጀመር።

«አስጨርሱኝ። መቀደም በሚገባኝ ቦታ ቀደመኝ። ወደ ኋላ መቅረት ባለበት ቦታ ደግሞ ቀረ። እኔ ከዚህ በላይ የምጠይቀው የለኝም።»

ኤሊያስ ፊቱ በራ። እሺ በተባለበት ቤት ሁሉም ተነስቶ፣ የልጅቱ አባት ቆሞ ይመርቃል፤ ሥርዓቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ገነቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ታዴዎስ ተቀምጧል።

ጠበቁት። እጁን ሶፋው ላይ ተደግፎ ትንሽ ከፍ አለ፤ ተመልሶ ወረደ። ኤሊያስ ፊቱ ጠቆረ፤ ሰው ሳይነሳ ሰጠሁ ሲል ምን ማለት ነው? አንደኛው ሽማግሌ ኮፍያውን አነሳ። ታዴዎስ አያቸው፤ የጓዳውንም በር አየ። የቀረችለት ክብር አንዲት ፍሬ ናት፤ እሷን ከያዘ ልጁ ይቀራል፣ ቤቴልም ታለቅሳለች። ታዴዎስም ጣላት።

«ሰጥቻለሁ» አለ። «ከልቤ ሰጥቻለሁ። መነሳት ግን አልቻልኩም። ጉልበቴ ከሞርሲቶ አልተመለሰም፤ ልጁ እየገፋ ነው ያመጣኝ።»

ኤሊያስ፣ ያ ኮስታራ ርዕሰ መምህር፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ታዴዎስ አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ገነቴም። ታዴዎስ እጁን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አልመጣም። «አሜን» ብለው ጨረሱለት።

ቤቴል ከጓዳ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች። የሱሪውን ጫፍ ሰብስባ ያበጠውን ጉልበቱን አየችና ቅባት ለመቀባት እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ እስከ ሞርሲቶ?»

«ዝም ብለሽ ቅቢው» አለ ታዴዎስ። «ለሰርግሽ እነሳለሁ።»